ታፔላ የማይተከልበት ጎዳና

ቶርንዴል ጎዳና ላይ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚል ታፔላ ከሃምሳ ሁለት ዓመት ወዲህ ሣር ላይ ቆሞ አላደረም። የከለከለው ሕግ አይደለም፤ ኤርሊን ታልበርት ናት። አሥራ አራት ቤቶች ናቸው፤ ሰባት በዚህ፣ ሰባት በዚያ፤ ከአክረን ከተማ በመኪና ሩብ ሰዓት ወጣ ብሎ። መሸጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የኤርሊንን በር ያንኳኳል። እሷ ለጎረቤቱ በቃል ታዳርሳለች፤ ዘመድ ያለው ዘመዱን፣ የሥራ ባልደረባ ያለው ባልደረባውን ይጠራል፤ ቤቱም ማንም ሳይደነግጥ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ደንቡ ይኸው ነው፤ የጎዳናው ተጠሪም እሷ ናት።

ደንቡ የወጣው በክፉ ቀን ነው። ኤርሊንና ባሏ ሆሴያ እዚህ ሲገቡ የጎዳናው ሦስተኛ ጥቁር ቤተሰብ ነበሩ። ያን ሰሞን ደላሎቹ ለየነጩ ቤት እየደወሉ «ጥቁሮቹ እየመጡ ነው፤ ዋጋው ሳይወድቅ ሽጥ» ይሉ ነበር። ጨርሶ ለማይሸጥ ቤት እንኳን ታፔላ በድብቅ ተክለው ይሄዳሉ። ሰውየው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት አምስት ታፔላ ያያል፣ ልቡ ይርዳል፣ ከሰዓት በኋላ እሱም ሻጭ ይሆናል። አጎራባቾቹ ጎዳናዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ነጭ የሚባል አልቀረባቸውም። ቶርንዴል የተረፈው ሆሴያና የፊት ለፊቱ ጎረቤት ፍራንክ ኮቫች፣ ሁለቱም የጎማ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከሥራ ሲመለሱ ታፔላውን ሁሉ እየነቀሉ ኤርሊን ጋራዥ ውስጥ ስለከመሩት ነው። ሁለቱም ዛሬ የሉም። ታፔላዎቹ ግን ከበረዶ መዛቂያው ጀርባ አሁንም አሉ።

እንግዲህ ኤርሊን በሰባ ስምንት ዓመቷ ዳግመኛ የምትዋጋ አልመሰላትም ነበር። በጎዳናው ጫፍ የነበረው የድሮ የገበያ ማዕከል ፈርሶ «መልሶ ማልማት» የሚባለው ነገር መጣ። አልሚው ኩባንያ የሚያሠራው ከታች ሱቅ ከላይ ቤት የሆነ ባለ ስድስት ፎቅ ነው፤ ለዚያም ቶርንዴልን እንዳለ ይፈልገዋል። ከአሥራ አራቱ የአሥሩን ቤት ፊርማ ካገኘ የከተማው ምክር ቤት ይፈቅድለታል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ዛሬ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ፊርማ የሚቀበሉት ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ። ኩባንያው በየፖስታ ሳጥኑ የከተተው ወረቀት ላይ አንዲት ጥቁር ሴት፣ አንድ እስያዊ ወጣትና አንድ ነጭ ሽማግሌ አብረው ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ኤርሊን ሥዕሉን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ፈርንውድ የሚባለው ሰፈር ሲለማም የተበተነው ይኸው ሥዕል ነበር። እዚያ የነበሩትን አሥራ ስምንት ጥቁር ቤተሰቦች ስም ዝርዝር አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሌላው ኪራዩን አልቻለውም፤ ጥቁሩ ወደ ከተማው ዳር፣ ነጩ ድሃ ወደ ገጠሩ፣ ስደተኛው ወደ አገኘበት ተበተነ። ወረቀቱ ላይ የሚስቁት ብቻ አብረው ቀሩ።

ቢሆንም አልፈራችም። የቶርንዴልን ሰው ታምናለች፤ አንድም ሰው በሯን አላንኳኳም። ማንም ሳይነግራት አይሸጥም ብላ ተኝታ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የከነከናት። አንድ የሣር አጫጅ መኪና ከነጩ ጎረቤቷ ከኦቶ ቤት ፊት ቆመ። ኦቶ ሣሩን ራሱ የሚያጭድ፣ ማጨጃውን ለልጁ እንኳን የማያስነካ ሰው ነው። አጫጁ እሱን ጨርሶ ሁለት ቤት ዘለለና አጨደ፤ ደግሞ አንድ ዘለለና አጨደ። ኤርሊን መነጽሯን አድርጋ ወረደች።

«አንተ ሰውዬ፣ ማነው የቀጠረህ?»

አጫጁ ኤፍራይን የሚባል የፖርቶ ሪኮ ሰው ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቆቡን አነሳ። «ኩባንያው ነዋ፣ ሴኞራ።»

«የትኛው ኩባንያ?»

«ቤቶቹን የገዛው። ከዛሬ ጀምሮ ሰዎቹ እስኪወጡ ድረስ ሣሩን እኛ እናጭዳለን።» ፊቷን አየና ደነገጠ። «አያውቁም እንዴ?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣላት። የቤት ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው፤ ሦስት፣ አራት፣ ሰባት... ኤርሊን በጣቷ እየቆጠረች ወረደች። ዘጠኝ። ዘጠነኛው የፍራንክ ኮቫች ሚስት የዶሎረስ ቤት ቁጥር ነበር። ከሁሉ በታች በእርሳስ ስምንት ቁጥር ተጽፏል።

«ይሄስ በእርሳስ የሆነው ለምንድነው?»

«እሱ ገና ነው። ዛሬ ከፈረመ ከነገ ጀምሮ እጨደው ብለውኛል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኤርሊን ጆሮ ግን ዛሬ ከባዳም ከፋ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ጎዳና አፍንጫዋ ሥር ተሸጦ አልቆ፣ የሰማችው ከሣር አጫጅ ነው። እንዴት አላየሁም ብላ ዙሪያውን ብትቃኝ ሣሩ ንጹሕ ነው፤ አንድም ታፔላ የለበትም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ታፔላ እንዳይተከል የከለከለችው ራሷ ናት። ኩባንያው አንድ ቀን እንኳን መደበቅ አላስፈለገውም፤ የደበቀችለት እሷ ናት።

ዶሎረስ በረንዳዋ ላይ ባለ አራት እግር መደገፊያዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች። ኤርሊን መንገዱን ስታቋርጥ ከአካሄዷ ሁሉም ገባት መሰል፣ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ጣለች።

«ሸጥሽው?» አለች ኤርሊን ደረጃው ሥር ቆማ።

«ተቀመጪ እስኪ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ሸጥሽው ወይስ አልሸጥሽውም?»

«በሚያዝያ። እስከ መስከረም ልቀመጥበት ተስማምተናል።»

«በሚያዝያ! እኔ ግንቦት ሙሉ ፖም ኬክ እየጋገርኩ ሳመጣልሽ፣ አንቺ ጥርግ አድርገሽ እየበላሽ... አፍሽ ለኬክ ብቻ ነው የሚከፈተው?»

«ልነግርሽ ሦስት ቀን መጥቼ ነበር። አንቺ ስለ ፈርንውድ ስታወሪ አፌን ዘጋሽኝ። ደግሞም ለማንም አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። ግራንት የሚባለው የኩባንያው ልጅ 'ያንቺን ብቻ ነው የምንገዛው፣ ጥሩ ቤተሰብ እናከራየዋለን፣ ጎዳናው እንዳለ ይቆያል' አለኝ። ወጥቼ አየሁ፤ የትም ታፔላ የለም። አመንኩት። ደንቡንም አልጣስኩም፤ ታፔላ አልተከልኩም።»

«ደንቡ ኤርሊንን ንገር ነው የሚለው!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» የዶሎረስ ድምፅ ተሰበረ። «ደረጃውን በቂጤ ነው የምወጣው፤ ይህን ታውቂያለሽ? ሌላ ሰው ሲያረጅ ቤቱን ሸጦ ልጁ ጋ ይሄዳል። እኔ ብሸጥ 'ነጯ ጥላን ሸሸች' ነው የምባለው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አለመሸሼን ሳስመሰክር ኖርኩ። ደከመኝ፣ ኤርሊን!»

«እኔ እንዲያ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላልሽም። ማለትም አያስፈልግሽም።»

ይህ ኤርሊንን የት እንደነካት እሷው ታውቃለች። ሲነኳት ደግሞ ቁጣ ይቀድማታል። «እኔስ አላረጀሁም? እኔ ደረጃውን የምበር ይመስልሻል? ስሚ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ቤት ነው! ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስምንት ቁጥሩ ቢሽኑ ይፈርማል፤ አሥር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እዚህ የሚቀር ነገር የለም!»

ዶሎረስ አፏን በእጇ ያዘች። «ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ። እኔ አሁን ሄጄ ሁሉም ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ።»

ምን ልታደርግ እንደሆነ ዶሎረስ ወዲያው ገባት፤ እነዚያን ታፔላዎች የነቀለው ባሏ ነው። «እንዳታደርጊው! ያን ጊዜ ሰውን ያስፈረጠጠው ምን ነበር? ታፔላ ነው። ቢሽኑ ዘጠኝ ታፔላ ካየ እስከ አሥራ አንድ ሰዓትም አይቆይ፤ ብዕር ይዞ ራሱ ይሮጥላቸዋል። የቀሩትም ይከተሉታል።»

ኤርሊን መንገዱን መልሳ አቋረጠች። ዶሎረስ እውነቷን መሆኑን ታውቃለች፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ዝም ብትል ቢሽኑ ሳያውቅ ይፈርማል። ብታሳየው ደግሞ ደንግጦ ሊፈርም ይችላል። ቢሽኑ ራይ ከስደተኛ ካምፕ የመጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቤቱን ከስምንት ዓመት በፊት ከአፍ ወደ አፍ ያገኘችለት እሷ ናት። እናቱ ከጓሮ የምታበቅለውን የሰናፍጭ ቅጠል ታመጣላታለች። ሄዳ ብትነግረውስ? የሚላት ይታወቃል፤ «ሚስ ኤርሊን፣ ባለፈው ወር ማንም አይሸጥም ብለውኝ አልነበረም?» ይላታል። ብላዋለችም። ከእንግዲህ ከቃሏ ይልቅ ዓይኑን ቢያምን ይሻላል።

ጋራዡን ከፈተች። የታፔላዎቹ እንጨት አቧራ ጠግቧል፤ የደላሎቹ ስም ደብዝዟል፤ «ይሸጣል» የሚለው ቀይ ጽሕፈት ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሆሴያ እንደነቀለው ጭቃው ሥሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ኤርሊን አሥር ቆጥራ በእጅ ጋሪው ጫነች፤ መዶሻም አከለች። አሥረኛውን ለምን እንደጫነች ብትጠየቅ አታውቅም። ይቅር በለኝ ሆሴያ አለች።

ሰዓቱ ከዘጠኝ ተኩል አልፏል። መጀመሪያ ኦቶ ቤት ፊት ተከለች። መሬቱ ደረቅ ስለነበር መዶሻው ጎዳናውን ሁሉ አስተጋባ። ኦቶ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ወጣ።

«አብደሻል እንዴ ሴትዮ! አንቺ ነሽ ታፔላ የምትተክዪው?»

«ቤትህ አልተሸጠም?»

ኦቶ ጆሮው ድረስ ቀላ። «የኔ ብቻ ነው የተባለው...»

«ቆመህ ተመልከት እንግዲህ።»

ቆሞ ተመለከተ። አራት ቁጥር ላይ ስትተክል የጥቁሯ ነርስ የግሎሪያ በር ተከፈተ። ሰባት ቁጥር ላይ ስትተክል ሦስት ሰው መንገዱ ላይ ነበር። አምስተኛው ላይ ጩኸት ሆነ። «አንተም?» «አንቺም?» «የኔ ብቻ ነው ብሎኝ!» «ለኔም እንዲያው ነው ያለኝ፤ ቃል በቃል!» ጥቁሩ ነጩን፣ ነጩ ጥቁሩን ጣት ይቀስር ጀመር። ግሎሪያ ኦቶን «እናንተማ ድሮም መውጫ ነው የምትፈልጉት» አለችው፤ ኦቶም «ካንቺ ፊርማ የኔ በሁለት ሳምንት ይዘገያል!» ብሎ ጮኸ። ሃምሳ ዓመት ያልተባለ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ያም ሆኖ ኤርሊን መዶሻውን አልጣለችም። በዶሎረስ ቤት ሣር ላይ ዘጠነኛውን ስትተክል ሁለቱ አሮጊቶች አልተያዩም። እጇ ዝሎ ስለነበር ታፔላው ዘመም አለባት።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋሪው ውስጥ አንድ ታፔላ ቀረ። ኤርሊን ስምንት ቁጥር ፊት ደርሳ ቆመች። ቢሽኑ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደጁ ላይ ቆሞ ጎዳናውን ቁልቁል ይመለከታል። ከኋላው እናቱ በመስኮት ታያለች።

«ስንት ናቸው?» አለ።

«ዘጠኝ።»

«ከአሥራ አራት?»

«ከአሥራ አራት።»

«እኔ ስፈርም?»

ኤርሊን መዋሸት አማራት። «አሥር። ያኔ ያልሸጠም አብሮ ይሄዳል።»

«ማንም አይሸጥም ብለውኝ ነበር፣ ሚስ ኤርሊን።»

«ብዬሃለሁ። አላወቅኩም ነበር። እኔው ደንቤን አምኜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ቢሽኑ ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። የቁልፉ ድምፅ ተሰማ። ኤርሊን ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዶሎረስ ልክ ነበረች አለች በሆዷ፤ በገዛ እጄ አስፈራሁት፤ ደላሎቹ ያልጨረሱትን እኔ ጨረስኩላቸው። በሕይወቷ እንደዚያች ሃያ ደቂቃ የረዘመባት ጊዜ የለም።

አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ሲቀረው የግራንት መኪና መጣ። ጥርሱ የማይከደን ሰው ነበር፤ ታፔላዎቹን ሲያይ ግን ተከደነ። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ ኤርሊን መጣ።

«ሚስስ ታልበርት፣ ይሄ ሕገ ወጥ ነው። ሰው ሣር ላይ ታፔላ መትከል አይቻልም!»

«ታዲያ እኔ ሃምሳ ዓመት ምን ስል ኖርኩ?» አለችው ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ግራንት ጀርባውን ሰጥቷቸው የቢሽኑን በር ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ተከፈተ። ቢሽኑ በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው ብዕር ይዟል።

«አዘጋጅተኸዋል፤ ጎበዝ» አለ ግራንት። «አትስማቸው፣ ሰው ሲደነግጥ ያወራል። ያንተ ውል የተለየ ነው። ሌላው ቢሸጥም ባይሸጥም...»

«አባቴም ፈርሟል» አለ ቢሽኑ።

«ምን?»

«እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ሲያወራው ነው ያደግኩት። በፈቃዴ አገሬን ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ያመጣለት ሰውዬ ይስቅ ነበር። 'ያንተ ብቻ ነው፤ ሌላው ይቆያል' አለው። አባቴ ጎረቤቱን ለመጠየቅ አፈረ። ጎረቤቱም እሱን ለመጠየቅ አፈረ። በሳምንቱ መንደሩ ባዶ ሆነ። ካምፕ ውስጥ ተገናኝተው ነው እርስ በርስ የተያዩት።» ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «አባቴ እስኪሞት 'አንድ ሰው ደጅ ወጥቶ ቢጮህ ኖሮ' ይል ነበር።»

ደረጃውን ወርዶ ወደ ጋሪው መጣ። ኤርሊን ተነሳችለት። አሥረኛውን ታፔላ ሲያነሳ ሣሩ ላይ ሊተክለው መሰላት። ቢሽኑ ግን ሣሩን አልፎ ሄደ። ታፔላውን ከነጭቃው በግራንት መኪና አፍንጫ ላይ አጋደመው፤ ያልተፈረመውን ወረቀት ከሥሩ ሸጎጠ።

«ይሄ የእናንተ ነው» አለ። «ይዘኸው ሂድ።»

ግራንት ሰዓቱን አየ፤ ዙሪያውን አየ፤ ሌሎቹን አራት ቤቶች በዓይኑ ለቀመ። የአንዱም በር አልተከፈተለትም። መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ታፔላው መንገዱ ላይ ወድቆ ተንጓጓ።

እልል ያለ የለም። ኤርሊንም ደስ አላላትም፤ ብቻ እስትንፋሷ ተመለሰ። ዛሬ አልፈረሱም። ግን ዘጠኝ ታፔላ ቆሟል፣ ኦቶና ግሎሪያ አሁንም ፊትና ጀርባ ናቸው፣ ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አንድ ፊርማ ፍለጋ ይመጣል። የሃምሳ ዓመት ጎዳናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳለ አየችው። ባዶውን ጋሪ እየገፋች ወደ ቤቷ ስታቀና ዶሎረስ መደገፊያዋን እየጎተተች ከበረንዳዋ ወርዳ ሣሯ ላይ ደርሳለች። ለአምስቱ ደረጃ ስንት ጊዜ እንደፈጀባት እግዜር ይወቅ። ነጭ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኗል።

ዶሎረስ ታፔላውን ልትነቅለው ነው ብላ አሰበች ኤርሊን። ዶሎረስ ግን በሁለት እጇ ይዛ የዘመመውን አቀናችው፤ ሰው ከመንገዱ ዳር ሆኖ እንዲያነበው አድርጋ።

«ስብሰባው አንድ ሰዓት ነው አይደል?» አለች ቀና ሳትል።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ግራንት 'ያንቺ ብቻ ነው' ብሎ እንዳታለለኝ እነግራቸዋለሁ። አትናገሪ ብለው አስፈርመውኛል፤ ከፈለጉ ይክሰሱኝ። ሌሎቹም ከመጡ እኔ ቀድሜ እናገራለሁ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የሚወስደኝ ግን የለም።»

የሚያዝያው ሽያጭ፣ የግንቦቱ ኬክ፣ «ማለትም አያስፈልግሽም» ያለቻት፣ ሁሉም እንዳለ ኤርሊን ሆድ ውስጥ አለ። ይቅር አላለቻትም። ጋሪውን እዚያው ጥላ ሄዳ መኪናዋን አወጣች፤ ዶሎረስ ፊት አቁማም በሩን ከፈተችላት።